ስቲከሩ ተለጥፏል፤ ውሉስ አለ?

ባሕር ዳር ላይ ያገለገለ መኪና ወይም ባጃጅ ሊገዛ የመጣ ሰው ጎማውን ይረግጣል፣ ሞተሩን ያስነሳል፣ ሊብሬውን ያገላብጣል። ኢንሹራንሱ ጋ ሲደርስ መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን ስቲከር ቀና ብሎ አይቶ «አለው» ይላል፤ ምርመራው በዚያው አለቀ። ስቲከር ግን ውል አይደለም። ስቲከሩ የሚናገረው አንድ ቀን፣ አንድ ኩባንያ፣ ለዚህ ታርጋ ውል ሰጥቶ እንደነበር ብቻ ነው። ዛሬ ውሉ መኖር አለመኖሩን አይናገርም።

ሐሰተኛ የኢንሹራንስ ወረቀት አለ፤ እንዴት እንደሚለይ ከታች እመጣበታለሁ። ይበልጥ የሚያታልለው ግን እውነተኛው ወረቀት ነው። ማኅተሙ እውነተኛ፣ ፊርማው እውነተኛ፣ ውሉ ግን ተሰርዟል። ወይም ውሉ አለ፤ ነገር ግን የቤት መኪና ብሎ የመዘገበውን መኪና ባለቤቱ ለኪራይ ያሠራዋል። ስለዚህ «ትክክለኛ ነው ወይ?» ከሚለው ጥያቄ ይልቅ «ዛሬ፣ ለዚህ መኪና፣ ለዚህ ሥራ ይከፍላል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ከወረቀቱ እንጀምር። አንድ ውል ሲገዛ አራት ነገር ይወጣለታል፦ ፖሊሲው (ዋናው የውል ጽሑፍ) ከነሠንጠረዡ (ስኬጁል የሚሉት ገጽ)፣ ሰርተፊኬቱ፣ ስቲከሩ እና የአረቦን፣ ማለትም ለኢንሹራንሱ የሚከፈለው ዋጋ፣ ደረሰኙ። አራቱንም ጠረጴዛ ላይ ዘርጉና ከጎናቸው ሊብሬውን አስቀምጡ። ሻጭ ወይም ወኪል «ፖሊሲው ቤት ቀርቷል፣ ሰርተፊኬቱ ይበቃል» ካለ ቤት ሄዶ ያምጣው። መኪናው በባንክ ብድር የተገዛ ከሆነ ዋናው ፖሊሲ ባንክ ዘንድ ሊሆን ይችላል፤ ይህ የተለመደ ነው። ያኔ ኮፒውን ተቀበሉ፤ ሠንጠረዡ ላይ የባንኩ ስም ባለጥቅም ተብሎ መጻፉን ግን እዩ። ከተጻፈ ካሳው መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ባንኩ ነው፤ መኪናውም ከዕዳ ነጻ አይደለም ማለት ነው። ሻጩ ስለ ብድሩ ያልነገራችሁን ነገር የኢንሹራንስ ወረቀቱ የሚነግራችሁ እዚህ ጋ ነው።

የፖሊሲ ቁጥሩ በአራቱም ላይ አንድ መሆን አለበት። በብዙ ኩባንያዎች ቁጥሩ የቅርንጫፉን መለያ፣ የመድኑን ዓይነት፣ ተራ ቁጥሩንና ዓመቱን ይይዛል። አሮጌ ሰርተፊኬት ላይ ቀኑን ብቻ ፍቆ አዲስ የሚያስመስል ሰው የሚረሳው ይህን ነው፤ የማብቂያው ቀን ዘንድሮን ይላል፣ የፖሊሲ ቁጥሩ ጭራ ግን አምና ላይ ቆሟል። ደረሰኙ ላይ ያለው የብር መጠንም ሠንጠረዡ ላይ ካለው አረቦን ጋር መግጠም አለበት። ልዩነት ካለ ምክንያቱን የሚገልጽ ወረቀት ይኖራል፤ ከሌለ ቅርንጫፉ ይንገራችሁ።

ከዚያ ሻንሲ ቁጥር። ታርጋ ይቀየራል፣ ሻንሲ አይቀየርም። ስለዚህ ውሉ የዚህ መኪና መሆኑን ከምንም በላይ የሚያስረዳው ሻንሲው ነው። ሰው የሚሳሳተውም እዚሁ ነው፤ ሊብሬውንና ፖሊሲውን አስተያይቶ «ገጠመ» ይላል፣ መኪናው ላይ የተቀረጸውን ሳያይ። ሦስቱንም አስተያዩ። መደበኛው የሻንሲ ቁጥር 17 ፊደልና አኃዝ ነው። በእነዚህ 17 ውስጥ «አይ»፣ «ኦ» እና «ኪው» የሚባሉት የላቲን ፊደላት አይገቡም፤ የተተዉትም ከ1 እና ከ0 ጋር እንዳይምታቱ ተብሎ ነው። ስለዚህ ፖሊሲው ላይ «ኦ» ካያችሁ ጸሐፊው ዜሮን አሳስቶ ጽፏል ማለት ነው። 5 እና «ኤስ»፣ 8 እና «ቢ» እንዲሁ ይምታታሉ። የባጃጅ ኩባንያ ባለ ሦስት እግሮች ሻንሲ በ«ኤም ዲ 2» ይጀምራል። ለጃፓን ገበያ ተሠርተው የመጡ ቪትዝና መሰሎቻቸው ግን 17 አይሞሉም፤ የሞዴል መለያ፣ ሰረዝ፣ ከዚያ ቁጥር ነው። ማጠሩ ብቻውን ሊያስደነግጣችሁ አይገባም።

አንድ ፊደል ብትሳሳት ምን ይሆናል? ብዙ ጊዜ በማስተካከያ ጽሑፍ፣ ኢንዶርስመንት በሚሉት፣ ይታረማል። ግን መታረም ያለበት ከአደጋው በፊት ነው። መኪናው ከተጋጨ በኋላ ስህተቱን ይዞ የሚቀርብ ሰው የጽሕፈት ግድፈት መሆኑን የማስረዳት ሸክም ይወድቅበታል፤ ነገሩም ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ሄዶ ይንጓተታል።

አሁን ቀኑ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የእኛ ብቻ የሆነ ወጥመድ አለበት። ፖሊሲ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ቦሎውና የእኛ ጭንቅላት ደግሞ በኢትዮጵያ። ማብቂያው «05/06/2026» ይላል እንበል። ቀኑ ቀድሞ ከተጻፈ ጁን 5 ነው፤ ግንቦት 28 ቀን 2018 ማለት ነው። ወሩ ቀድሞ ከተጻፈ ሜይ 6 ነው፤ ሚያዝያ 28 ቀን 2018። በሁለቱ መካከል ድፍን 30 ቀን አለ። አንዳንዱ ደግሞ አምስተኛውን ቀን በስድስተኛው ወር ብሎ የካቲት 5 ያደርገዋል፤ ያ ቢያንስ ቀድሞ እንዲያድስ ያደርገዋልና ጉዳት የለውም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የመጀመሪያውንና የማብቂያውን ቀን አንድ ላይ እዩ። የአንድ ዓመት ውል ጁን 5 ቢጀምር ጁን 4 ያበቃል፤ ስለዚህ በአንድ የቀነሰው ቁጥር ቀኑ ነው፤ ከሁለቱ አንዱ ውስጥ ከ12 የሚበልጥ ቁጥር ካለ የቱ ቀን የቱ ወር እንደሆነ ወዲያው ይገባችኋል። ከሌለ ቅርንጫፉን ጠይቃችሁ በእኛ አቆጣጠር ኮፒው ጀርባ ላይ በእርሳስ ጻፉት።

ሰዓትም አለ። «24፡00» ወይም «እኩለ ሌሊት» የሚል ውል የሚያበቃው በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው። የተሰጠበት ሰዓት «4፡00» ከሰዓት በኋላ ተብሎ በፈረንጅ ከተጻፈ በእኛ 10 ሰዓት ነው። ጠዋት የተጋጨ መኪና ከሰዓት በኋላ ኢንሹራንስ ቢገዛ ያቺን ሰዓት ማንም ዘሎ አያልፋትም። ከአደጋ በኋላ ወደ ኋላ ቀን የተጻፈ ውል እናወጣላችኋለን የሚል ወኪል ካጋጠማችሁ የሚሸጥላችሁ ውል ሳይሆን ክስ ነው።

ወረቀቱ ሁሉ ገጠመ እንበል። ይህ ግማሽ መንገድ ነው። ውሉ በሥራ ላይ መሆኑን የሚያውቀው የኩባንያው መዝገብ ብቻ ስለሆነ ውሉን ወደሰጠው ቅርንጫፍ መሄድ አለባችሁ። ባሕር ዳር የብዙ ኩባንያዎች ቅርንጫፍ ያለባት ከተማ ናትና በእግር የሚደረስ ነገር ነው። ውሉ አዲስ አበባ፣ ጎንደር ወይም ደብረ ማርቆስ የተሰጠ ከሆነ የዚህኛው ቅርንጫፍ በስልክ ወይም በሲስተም ሊያይላችሁ ይችላል፤ ኔትወርክ የጠፋ ቀን ከሆነ ደግሞ ቀብድ መክፈላችሁን ለነገ አሳድሩት። ስልክ የምትደውሉ ከሆነ ወረቀቱ ላይ ባለው ቁጥር አትደውሉ። ወረቀቱን ያስመሰለ ሰው ቁጥሩንም የራሱ ማድረግ አያቅተውም። ቁጥሩን ከኩባንያው ቢሮ ወይም ከራሱ ከኩባንያው ድረ ገጽ ውሰዱ።

ቅርንጫፉ ስለ ሌላ ሰው ውል ለማያውቀው ጠያቂ ዝም ብሎ አይናገርም፤ መናገርም የለበትም። ስለዚህ ሻጩን ይዛችሁ ሂዱ፤ ወይም በስልኩ ድምፅ ማጉያ ራሱ ይጠይቅ። ጥያቄዎቹ እነዚህ ናቸው፦ ውሉ ዛሬ በሥራ ላይ ነው? በማን ስም ነው? ታርጋውና ሻንሲው ምን ይላል? አረቦኑ ሙሉ በሙሉ ገብቷል? ከተሰጠ በኋላ ምን ኢንዶርስመንት ተደርጎበታል? የካሳ ጥያቄ ቀርቦበታል? የመጨረሻው ጥያቄ መልስ ስለ መኪናው የግጭት ታሪክም ብዙ ይነግራችኋል። «ውሉ አለ?» ብቻ ብላችሁ ከጠየቃችሁ «አዎ አለ» ይሏችኋል፤ መዝገቡ ውስጥ የተሰረዘውም «አለ»ና። «በሥራ ላይ ነው?» ነው የሚባለው።

ስረዛው እንዴት ይመጣል? አንድ ሰው መኪናውን ሊሸጥ ሲል ኩባንያው ሄዶ ውሉን ያሰርዝና ያልተጠቀመበትን ጊዜ አረቦን ያስመልሳል። ኩባንያው ሰርተፊኬቱንና ስቲከሩን መልስ ማለቱ አይቀርም፤ ግን «ጠፋብኝ» ያለ ሰው፣ ወይም ኮፒ አስቀርቶ ዋናውን የመለሰ ሰው፣ ገዢ ፊት የሚያቀርበው ወረቀት አያጣም። ሌላው መንገድ ቼክ ነው። ወረቀቱ ወጥቶ ቼኩ ከባንክ «ስንቅ የለውም» ተብሎ ሲመለስ ውሉ መሠረት ያጣል፤ ወረቀቱ ግን ከመኪናው ኪስ አልወጣም።

ክፍያ ላይ ያለኝ አቋም የከረረ ነው። የወኪል የግል ሒሳብ ውስጥ አረቦን አታስገቡ፤ ወኪሉ ጎረቤታችሁ፣ የክርስትና አባታችሁ ቢሆን እንኳ። ገንዘቡ በኩባንያው ስም በተከፈተ ሒሳብ ይግባ፤ የክፍያው ምክንያት ላይ ታርጋ ቁጥሩን ጻፉ። በንግድ ባንክ ከሆነ በ«ኤፍ ቲ» የሚጀምረውን የዝውውር ቁጥር፣ በቴሌብር ከሆነ የግብይት ቁጥሩን ያዙ። ከዚያ የባንኩ ወረቀት ደረሰኝ መስሏችሁ እንዳትቀመጡ፤ የኩባንያውን ደረሰኝ ተቀበሉ። ብዙ ታማኝ ወኪል አለ፤ ነገር ግን ብሩን ተቀብሎ «ሰኞ አስገባዋለሁ» የሚል ወኪል ሰኞ እስኪደርስ ቅዳሜና እሑድ ያለ ሽፋን ያስነዳችኋል።

ኩባንያው ራሱ ፈቃድ ያለው መሆኑን ማየት አይከብድም። ኢንሹራንስ ለመሸጥ ፈቃድ የሚሰጠው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ነው፤ መሠረቱም አዋጅ ቁጥር 746/2004 ነው። ዝርዝሩ ረጅም አይደለም፤ የማታውቁት ስም ከሆነ ከዝርዝሩ ጋር አስተያዩት። ወኪልም አገናኝም የሚሠራው በፈቃድ ነው፤ ፈቃዱን አሳየኝ ማለት ነውር የለውም። የመኪና ደላላ ግን የኢንሹራንስ ወኪል አይደለም። የመኪና ሻጭና ገዢ የሚያገናኝ ሰው «ኢንሹራንሱንም እኔ እጨርስላችኋለሁ» ካለ በትሕትና አመስግናችሁ ራሳችሁ ጨርሱ።

ወደ ሥራው ዓይነት እንምጣ። አዋጅ ቁጥር 799/2005 ማንኛውም ተሽከርካሪ መንገድ ላይ ሲወጣ የሦስተኛ ወገን መድን እንዲኖረው ያስገድዳል፤ ያለዚያ ማሽከርከር በወንጀል ያስጠይቃል፣ ቦሎም አይታደስም። ሰው «ኢንሹራንስ አለው» ሲል ብዙ ጊዜ የሚለው ይህን ነው። ይህ ግን መኪናው ሌላውን ሰውና የሌላውን ንብረት ለጎዳበት እንጂ ለራሱ ለመኪናው አንዲት ሳንቲም አይከፍልም፤ ለሌላው የሚከፍለውም ጣሪያ አለው። ለራስ መኪና የሚከፍለው ሙሉ ኢንሹራንስ፣ ኮምፕረሄንሲቭ የሚባለው ነው። ሠንጠረዡ ላይ የሽፋኑን ስም አንብቡ። ከስቲከሩ ላይ አትገምቱ።

በዚህ አካባቢ ውሉን ዋጋ የሚያሳጣው የአጠቃቀም ልዩነት ነው። በኮድ 2 የተመዘገበ፣ «ለግል አገልግሎት» ተብሎ ኢንሹራንስ የተገዛለት ላንድክሩዘር ጎብኚ ጭኖ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደሚርቀው ጢስ አባይ በኪራይ ሲሄድ፣ ኩባንያው ያልተስማማበትን አደጋ ተሸክሞ ነው። አይሱዙው ለጭነት ተብሎ ከወረታ ሽንኩርት ሊያመጣ ተመዝግቦ በገበያ ቀን ከጭነቱ ላይ ሰው ካፈናጠጠ እነዚያ ሰዎች በውሉ ውስጥ የሉም። ባጃጁ ሦስት ተሳፋሪ ተብሎ አምስት ሲጭንም እንዲሁ። ተሳቢ የራሱ ታርጋ ስላለው የራሱን ውል ይፈልጋል፤ የጎታቹን ሰርተፊኬት ማሳየት አያድነውም። ሠንጠረዡ ላይ «የአገልግሎት ዓይነት»፣ «የመቀመጫ ብዛት»፣ «የመጫን አቅም» እና «የተፈቀደለት አሽከርካሪ» የሚሉትን አራት መስመሮች ከመኪናው የዕለት ሥራ ጋር አስተያዩ። ማስተካከያው ተጨማሪ አረቦን ያስከፍላል፤ ሰው የሚሸሸውም ይህንኑ ነው።

እግረ መንገድ፣ የተገለሉ አደጋዎችን ገጽም ግለጡት። ጦርነትና ፖለቲካዊ ሁከት በመደበኛው የመኪና ውል ውስጥ የሉም፤ የሁከትና የሽብር ሽፋን ለብቻው በተጨማሪ አረቦን የሚገዛ ነው። ክረምት ላይ ፎገራ ሜዳን የሚያቋርጥ መኪና ያለው ሰው ጎርፍ የሚለውን ቃል ይፈልግ፤ ተካቷል ወይስ ተገልሏል? የኤሌክትሪክ መኪና ከሆነ ደግሞ የባትሪው ዋጋ መድን በተገባበት ዋጋ (ፖሊሲው ላይ ለመኪናው በተጻፈው ዋጋ) ውስጥ መግባቱንና የሞተር ጉልበቱ በሲሲ ሳይሆን በኪሎ ዋት መጻፉን እዩ።

መድን በተገባበት ዋጋ ላይ አንድ ስሌት ብቻ። መኪናው ዛሬ ገበያ ላይ 2,000,000 ብር ያወጣል፤ ፖሊሲው ላይ ያለው ከዓመታት በፊት የተጻፈው 1,200,000 ብር ነው። ስለዚህ የተሸፈነው 60 በመቶው ነው። 300,000 ብር የሚያስጠግን ግጭት ቢደርስ ኩባንያው የሚያሰላው ከ180,000 ብር ነው፤ ከዚያም ላይ ኤክሰሱ፣ ማለትም ባለቤቱ ራሱ የሚሸከመው ድርሻ፣ ይቀነሳል። ውሉ እውነተኛ ነው፣ በሥራ ላይ ነው፣ አረቦኑ ተከፍሏል፤ ሆኖም 120,000 ብርና ኤክሰሱ ከኪስ ነው። በየዓመቱ ስታድሱ የመኪናውን ዋጋ አብራችሁ አድሱ።

ግዢ ላይ ላላችሁት ደግሞ ስለ ውክልና። ስም ሳያዞሩ በውክልና ብቻ መኪና ይዞ መንዳት የተለመደ ነው። ኢንሹራንሱ ያኔ በሻጩ ስም ይቀራል፤ አደጋ ሲደርስ ካሳ ጠያቂው ሻጩ ነው፣ ቼኩም በእርሱ ስም ይጻፋል። ሻጩ ስልኩን ካላነሳ እናንተ ከኩባንያው ጋር የሚያገናኛችሁ ውል የላችሁም። የሽያጭ ውሉ በተፈረመበት ቀን፣ ሁለታችሁም ኢንሹራንሱ ቢሮ ገብታችሁ የስም ዝውውሩ በጽሑፍ እንዲሰፍር አድርጉ፤ ወይም በራሳችሁ ስም አዲስ ግዙ። «ሊብሬው ሲዞር አብሮ ይዞራል» የሚባለውን አትመኑ፤ ትራንስፖርት ቢሮው የኢንሹራንሱን መዝገብ አይነካም።

ወረቀቱ ሐሰተኛ ሆኖ ቢገኝስ? ለወኪሉ መልሳችሁ አትስጡት፤ «አስተካክዬ አመጣዋለሁ» ብሎ ከወሰደው ማስረጃው አብሮት ሄደ። ፊትና ጀርባውን ፎቶ አንሱ፤ የክፍያውን ማስረጃና የተጻጻፋችሁትን መልእክት አስቀምጡ። የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ «ይህ ወረቀት ከእኛ አልወጣም» ብሎ በማኅተም እንዲጽፍላችሁ ጠይቁና ወደ ፖሊስ ሂዱ። በዚያው ቀን አዲስ የሦስተኛ ወገን ውል ግዙ፤ ውሉ እጃችሁ እስኪገባ ድረስ መኪናው ይቁም። አዲሱ ውል ወደ ኋላ ሄዶ ያለፈውን አይሸፍንም።

የሌላ ሰው መኪና መጥቶ እናንተን ከገጫችሁም ማጣራቱ የእናንተው ነው። የገጨው ኢንሹራንስ የሌለው ወይም አምልጦ የጠፋ ቢሆን እንኳ ለአካል ጉዳትና ለሞት ካሳ የሚከፍል የመድን ፈንድ በዚሁ በ799/2005 ሥርዓት ውስጥ አለ፤ ለዚህም የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርት ያስፈልጋል። የገጨው መኪና ሳያመልጥ ከቆመ ግን የታርጋውን፣ የስቲከሩንና የሰርተፊኬቱን ፎቶ እዚያው አንሱ፤ የኩባንያው ስምና የፖሊሲ ቁጥሩ ሪፖርቱ ላይ መጻፋቸውንም ከመፈረማችሁ በፊት እዩ።